የማሞቂያ ቢል ለምን ናረ? መጀመሪያ ቤቱ በምን እንደሚሞቅ ይታወቅ

ጃንዋሪ ሲገባ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ባሉ የኢትዮጵያውያን ቤቶች፣ ካፌዎችና የቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። «የናንተ ቢል ስንት መጣ?» ቀጥሎ ምክሩ ይጎርፋል። አንዱ «ማታ ሂተሩን ዝቅ አድርጉት» ይላል። ሌላው «በፍጹም እንዳትነኩት፣ ቤቱን እንደገና ለማሞቅ የባሰ ይበላል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ዋናውን ዝጉና ትንሿን የኤሌክትሪክ ሂተር መኝታ ቤት አስገቡ» ብሎ ይመክራል።

ሦስቱም ምክሮች ለሆነ ቤት ትክክል ናቸው። ለሌላ ቤት ግን ገንዘብ ያስወጣሉ። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ሰው ሁሉ የራሱን ቤት እያሰበ ስለሚመክር ነው። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ቤቱ የሚሞቀው በምንድን ነው?» የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ለብዙዎቻችን አዲስ ቢሆን አይፈረድም። አገር ቤት ክረምት ማለት ዝናብ ነው። ብርዱ በጋቢና በከሰል ይታለፋል። በየወሩ የሚከፈል የሙቀት ሂሳብ የለም። አሜሪካ ውስጥ ግን መኖሪያ ቤቶች ከሚጠቀሙት ኃይል ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ለማሞቂያ ይውላል። መብራቱም፣ ፍሪጁም፣ ቴሌቪዥኑም ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዶላሩ በፊት መጠኑን ማየት

ቢል ሲመጣ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ጠቅላላ ክፍያው ላይ ነው። ምክንያቱን የሚናገረው ግን ሌላ ቁጥር ነው። እሱም የተጠቀሙት መጠን ነው። የኤሌክትሪክ መጠን የሚለካው በኪሎዋት ሰዓት ነው። 1,000 ዋት የሚስብ ዕቃ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ የሚፈጀው ኃይል ማለት ነው። ጋዝ ደግሞ በብዙ ቦታ በቴርም ይቆጠራል። አንድ ቴርም ጋዝ የያዘው ሙቀት ከ29 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል።

ይህን መጠን ካለፈው ወር ጋር ሳይሆን ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። መጠኑ ሳይለወጥ ዶላሩ ከጨመረ፣ የጨመረው ዋጋው ነው። መጠኑ ራሱ ከጨመረ ደግሞ ቀጥሎ የሚታየው የአየሩ ሁኔታ ነው። ብዙ ድርጅቶች የወሩን አማካይ ሙቀት ቢሉ ላይ ያትማሉ። አየሩ እንደ አምናው ሆኖ መጠኑ ከበለጠ፣ ችግሩ ቤቱ ወይም መሣሪያው ጋ ነው።

የአየሩን ነገር አቅልሎ ማየት አይገባም። ቤት ሙቀት የሚያጣው በውስጥና በውጭ ባለው የሙቀት ልዩነት ልክ ነው። ውስጡ 70 ፋራናይት፣ ውጪው 30 ከሆነ ልዩነቱ 40 ነው። ውጪው ወደ 20 ሲወርድ ልዩነቱ 50 ይሆናል። ቴርሞስታቱን (የቤቱን ሙቀት የሚያስተካክለውን መቆጣጠሪያ) ማንም ሳይነካው ቤቱ 25 በመቶ ተጨማሪ ሙቀት ይፈልጋል ማለት ነው። «እኛ ምንም አልቀየርንም» የሚሉ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው። የተቀየረው ውጪው ነው።

ዋጋው ራሱ ለምን ወጣ?

በዚህ አካባቢ የኤሌክትሪክ ዋጋ መጨመር በስሜት ብቻ የሚወራ አይደለም። 13 ግዛቶችንና ዲሲን የሚያገናኘውን የኃይል መረብ የሚያስተዳድረው ፒጄኤም የሚባል ድርጅት ነው። ፒጄኤም የኃይል ማመንጫዎች ፍላጎት በሚበዛበት ሰዓት ዝግጁ ሆነው እንዲጠብቁ ይከፍላቸዋል። ክፍያው በጨረታ ይወሰናል። የአቅም ክፍያ ይባላል። በ2024ና 2025 ለነበረው ዓመት ዋጋው ለአንድ ሜጋዋት በቀን 28.92 ዶላር ነበር። ከጁን 2025 ለጀመረው ዓመት 269.92 ዶላር ገባ። ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። ቀጥሎ የተደረገው ጨረታ ደግሞ የተቀመጠለትን ጣሪያ ነክቶ 329.17 ዶላር ላይ ቆመ። ይህ ወጪ ዞሮ ዞሮ ተጠቃሚው ቢል ላይ ያርፋል።

ተጠያቂው ማን ነው በሚለው ላይ ስምምነት የለም። የፒጄኤም ገለልተኛ የገበያ ተቆጣጣሪ ትልቁን ድርሻ ለዳታ ሴንተሮች ይሰጣል። ዳታ ሴንተር ማለት የኢንተርኔት አገልግሎቶችና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮምፒውተሮች በሺዎች ተደርድረው ቀንና ሌሊት የሚሠሩበት ግዙፍ ሕንፃ ነው። የእነዚህ ሕንፃዎች ዋና መናኸሪያ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው የላውደን ካውንቲ ነው። ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከፌርፋክስ ጋር ይዋሰናል። ሌሎች ደግሞ ያረጁ ማመንጫዎች ፈጥነው መዘጋታቸውንና አዲሶቹ ከመረቡ ጋር ለመገናኘት ዓመታት መጠበቃቸውን ያነሳሉ። ሁለቱ አስተያየቶች እርስ በርስ አይጋጩም። ፈላጊው በዛ፣ አቅራቢው ዘገየ። ፍላጎቱን ማን አመጣው ከተባለ ግን የመጀመሪያው ክርክር ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል፤ ሰው ቤት ውስጥ ያለው አምፖል በአንድ ዓመት ዘጠኝ እጥፍ አልጨመረም።

ቢሉ ላይ ሁለት ትልልቅ መስመሮች አሉ። አንዱ የኃይሉ ዋጋ ነው። ሌላው የማድረሻ ክፍያ ነው፤ ለሽቦው፣ ለቧንቧውና ለጥገናው የሚከፈል። ሁለተኛውን ከሌላ ድርጅት መግዛት አይቻልም። የመጀመሪያውን ግን በሜሪላንድና በዲሲ ከሌላ አቅራቢ መግዛት ይፈቀዳል። በር አንኳኩተው «ቢልዎን ያሳዩን፣ እናስቀንስልዎ» የሚሉ ሰዎች የሚመጡት ለዚህ ነው። ቢሉ ላይ የሂሳብ ቁጥር አለ። ያ ቁጥር ውል ለመቀየር ያገለግላል። መጀመሪያ ዝቅ ያለ ዋጋ ሰጥተው ከጥቂት ወራት በኋላ ከፍ የሚያደርጉ ውሎች ብዙ ቤተሰብ ጎድተዋል። ሜሪላንድም በ2024 ባወጣችው ሕግ በዚህ ንግድ ላይ ገደቡን አጥብቃለች። በር ላይ ቆመው ቢል አለማሳየት ብቻ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

አራት ዓይነት ቤት፣ አራት ዓይነት ሂሳብ

ቤቱ በምን እንደሚሞቅ ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። የጋዝ ቢል ከመጣና በግድግዳ ወይም በወለል ቀዳዳ የሚነፋው አየር በጣም ሞቃት ከሆነ፣ ቤዝመንት ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ የጋዝ ፈርነስ፣ ማለትም ጋዝ አቃጥሎ አየር የሚያሞቅ ማሽን፣ አለ ማለት ነው። በጋ ላይ ቤቱን የሚያቀዘቅዘው የውጪ ማሽን በብርዱም የሚሠራ ከሆነ ሂት ፓምፕ ነው። ከግድግዳው ሥር ወለሉን ተከትሎ የተዘረጋ ረጅም የብረት ሳጥን ካለና የጋዝ ቢል ከሌለ ቤዝቦርድ የሚባለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። በቆዩ አፓርታማዎች ውስጥ ደግሞ በሙቅ ውሃ ወይም በእንፋሎት የሚሠራ ራዲያተር ይገኛል። ይህን ብዙ ጊዜ የሚቆጣጠረው አከራዩ ነው።

አሁን ዋጋውን እናወዳድር። ለምሳሌ ኤሌክትሪኩ በኪሎዋት ሰዓት 17 ሳንቲም፣ ጋዙ በቴርም 1 ዶላር ከ50 ይሁን። ከሚቃጠለው ጋዝ 90 በመቶውን ወደ ቤት የሚያስገባ ፈርነስ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት 6 ሳንቲም ባልሞላ ዋጋ ይሰጣል። ቤዝቦርዱ ለዚያው ሙቀት 17 ሳንቲም ይወስዳል። ሂት ፓምፕ የተለየ ነው። ሙቀትን አያመርትም። እንደ ፍሪጅ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ያጓጉዛል። ከውጪው ቀዝቃዛ አየር ውስጥ እንኳ ሙቀት ቀድቶ ወደ ቤት ያስገባል። ብርዱ ልከኛ በሆነ ቀን በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሦስት የሚያህል ሙቀት ሊያስገባ ይችላል። ያኔ ዋጋው እንደ ጋዙ 6 ሳንቲም አካባቢ ይሆናል። ብርዱ ሲበረታ ግን ጉልበቱ ይቀንሳል።

የራስን ቢል አውጥቶ እነዚህን ሁለት ዋጋዎች በራስ ቁጥር መተካት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ምክር ሁሉ ይጠራል።

ማታ ይቀነስ ወይስ አይቀነስ?

«ቤቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ማሞቅ የበለጠ ይፈጃል» የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። ጠዋት ላይ ፈርነሱ ሳያቋርጥ ሲያጓራ ሲሰማ እውነት ይመስላል። ሌሊቱን ሙሉ ግን ያልተቃጠለ ጋዝ አለ። እሱ አይሰማም።

የሚያፈስ እንስራ ይታሰብ። እስከ አፉ ሲሞላ በኃይል ያፈሳል። ሲጎድል ቀስ ይላል። ቤትም እንዲሁ ነው። ውጪው 32 ፋራናይት ሆኖ ቤቱ 72 ላይ ቢያድር ልዩነቱ 40 ነው። በ62 ቢያድር 30 ነው። በእነዚያ ሰዓታት የሚያመልጠው ሙቀት በሩብ ይቀንሳል። ስምንት ሰዓት የቀኑ ሲሶ ስለሆነ ከጠቅላላው 8 በመቶ ገደማ ይተርፋል። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር በቀን ለስምንት ሰዓት ከ7 እስከ 10 ፋራናይት ዝቅ ማድረግ በዓመት እስከ 10 በመቶ ሊያድን ይችላል የሚለውም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ነቅተው ቤት ላሉበት ሰዓት የሚመከረው 68 ነው። ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ያለበት ቤት ግን ለቁጠባ ተብሎ መቀዝቀዝ የለበትም።

ታዲያ «አትንኩት» የሚሉት ከየት አመጡት? ከሂት ፓምፕ ቤት ነው። ብዙ ሂት ፓምፖች ውስጥ ረዳት የሚሆን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሽቦ አለ። ቴርሞስታቱ ከ62 በአንድ ጊዜ ወደ 72 ሲዘለል ማሽኑ ብቻውን ቶሎ ስለማይደርስ ረዳቱ ይነሳል። ረዳቱ እንደ ቤዝቦርድ በ17 ሳንቲሙ ዋጋ ነው የሚሠራው። ሌሊት የተቆጠበው ጠዋት ይበላል። ስለዚህ በሂት ፓምፕ ቤት ወይ ሁለት ሦስት ዲግሪ ብቻ መቀነስ፣ ወይ ለሂት ፓምፕ ተብሎ የተሠራ ቴርሞስታት መግጠም ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ውድ ስህተት አለ። ከሂት ፓምፕ የሚወጣው አየር እንደ ፈርነሱ አያቃጥልም። እጅ ሲያስጠጉት ለብ ያለ ነው። ከጋዝ ቤት የመጣ ሰው «ተበላሽቷል» ይልና ቴርሞስታቱ ላይ ‹ኢመርጀንሲ ሂት› የሚለውን ይጫናል። ያ ቁልፍ ሂት ፓምፑን አጥፍቶ ቤቱን በሙሉ በረዳቱ ሽቦ ያሞቃል። ማሽኑ በእርግጥ ለተበላሸበት ቀን የተቀመጠ ነው። በርቶ ወሩን ከጨረሰ ቢሉ ሁለት ሦስት እጥፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ቴርሞስታቱን 80 ላይ መስቀልም ቤቱን ቶሎ አያሞቅም። ተራው የጋዝ ፈርነስ 70ም ላይ ይሁን 80 የሚነፋው በዚያው ኃይል ነው። ልዩነቱ ሳይቆም መቀጠሉ ነው።

ትንሿ ሂተር

ከሱቅ በርካሽ የምትገዛዋ ተንቀሳቃሽ ሂተር በሙሉ ኃይሏ ብዙ ጊዜ 1,500 ዋት ትስባለች። በቀን 10 ሰዓት ሳታቋርጥ ብትሠራ 15 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ቀደም ሲል በያዝነው ዋጋ 2 ዶላር ከ55 ሳንቲም ይሆናል። በወር ከ76 ዶላር በላይ። ያንኑ ሙቀት የጋዙ ፈርነስ በ85 ሳንቲም ገደማ ይሰጣል።

ይህ ማለት ሁልጊዜ ታከስራለች ማለት አይደለም። ቤዝቦርድ ያለበት ቤት ውስጥ ሰው ያለበትን ክፍል ብቻ አሙቆ ሌላውን ዝቅ ማድረግ ያዋጣል፤ የዋጋው ዓይነት አንድ ነውና። በጋዝ ቤትም አንድ ሰው ብቻውን በአንድ ክፍል የሚውል ከሆነና የቀረው ቤት በደንብ ዝቅ ከተደረገ ልታዋጣ ትችላለች። ሦስት መኝታ ቤት ውስጥ ሦስት ሂተር ተሰክቶ ፈርነሱም እየሠራ ከሆነ ግን ሁለት ቢል መክፈል ነው። «የጋዙ ቢል ወረደልን» ሲባል የኤሌክትሪኩንም ጎን ለጎን ማየት ያሻል።

የቤዝመንት ተከራዮች ጉዳይ ለየት ይላል። ቴርሞስታቱ ላይኛው ፎቅ ነው። ላይ ያሉት ሲሞቃቸው ፈርነሱ ይቆማል፣ ታች ያለው ይበርደዋል። ሂተር የሚገዛው ተገዶ ነው። በዲሲ ሙቀቱን አከራዩ የሚቆጣጠር ከሆነ ቀን ቢያንስ 68፣ ሌሊት ቢያንስ 65 ፋራናይት ማድረስ ግዴታው ነው። ይህን ማወቅ ሂተር ከመግዛት ይቀድማል። ሂተሯ የግድ ከሆነች በቀጥታ ግድግዳው ላይ ትሰካ እንጂ በኤክስቴንሽን አይሁን። ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስም ቢያንስ አንድ ሜትር ትራቅ።

የሚያመልጠው ሙቀት

ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል። በጣሪያው ስንጥቅ ሲያመልጥ ቦታውን ለመሙላት ከታች፣ ከበር ሥርና ከቤዝመንት ቀዝቃዛ አየር ይሳባል። ብዙ ሰው መስኮት ለማስቀየር በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሲያስብ ጣሪያ ሥር ያለው ክፍተት ይረሳል። ክፍተቱን መድፈንና እዚያ ያለውን ሙቀት የሚይዝ ሽፋን (ኢንሱሌሽን) ማወፈር ብዙ ጊዜ ከአዲስ መስኮት በፊት ወጪውን ይመልሳል።

ክፍተት ለመፈለግ የሚበቃው ሰንደል ነው። ነፋስ ባለበት ቀን ሰንደል ለኩሶ ከመጋረጃ አርቆ በመስኮቱ ጠርዝ፣ በበሩ ዙሪያና በኤሌክትሪክ ሶኬቶች አጠገብ ቀስ ብሎ ማሳለፍ ነው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። ከተጣመመ ወይም ከተበተነ አየር እየገባ ነው። ስንጥቁ በሲሊኮን፣ የበሩ ሥር በጎማ፣ መስኮቱ በፕላስቲክ ሽፋን ይደፈናል። ይህን ተከራይም ሊያደርገው ይችላል።

የእኛ ወጥ ቤትም እዚህ ውስጥ ይገባል። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ለሰዓታት ሲቁላላ ሽታው ኮትና ሶፋ ላይ እንዳይቀር መስኮቱ ገርበብ ይደረጋል፣ የምድጃው ማራገቢያም ይከፈታል። ማራገቢያው ልክ ነው፣ በተለይ ምድጃው የጋዝ ከሆነ። ችግሩ ወጡ ወጥቶ ማዕድ ከቀረበ በኋላም እስከ እኩለ ሌሊት ሲሠራ ነው። ወደ ውጪ የሚገፋው አየር ተከፍሎበት የሞቀ ነው። ሽታ ለማስወጣት መስኮት ማታውን ሙሉ ገርበብ ከሚል ለአምስት ደቂቃ ወለል ተደርጎ ቢከፈትና ቢዘጋ ይሻላል። አየሩ ይቀየራል፣ የግድግዳውና የዕቃው ሙቀት ግን ቶሎ አይጠፋም።

የቀረው አጭር ነው። የፈርነሱን ፊልተር ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ መቀየር። የሙቅ ውሃውን ታንከር 120 ፋራናይት ላይ ማድረግ። ፀሐይ ባለችበት የደቡብ መጋረጃ መክፈት፣ ሲመሽ መዝጋት።

ለመክፈል ሲያቅት

ላይሂፕ የሚባለው የፌዴራል የማሞቂያ ድጎማ ከ1981 ጀምሮ ያለ ሲሆን በዓመት ወደ 6 ሚሊዮን ለሚጠጉ ቤተሰቦች ይደርሳል። 2025 ግን ከባድ ዓመት ሆነበት። በኤፕሪል ፕሮግራሙን የሚያስተዳድሩት የፌዴራል ሠራተኞች ተሰናበቱ። ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 መንግሥት ተዘግቶ ስለነበር ገንዘቡ ለግዛቶች የተለቀቀው ኖቬምበር ሊያልቅ ሲል ነው። ገንዘቡ የተወሰነ ስለሆነ ቀድሞ ያመለከተ ይጠቀማል። ማን ማግኘት እንደሚችል በገቢና በኢሚግሬሽን ሁኔታ ይለያያል። 211 ደውሎ መጠየቅ ይቻላል። ቤቱ ሙቀት እንዳያፈስ ለሚደረግ ጥገና ደግሞ ከ1976 ጀምሮ ያለው የዌዘራይዜሽን ፕሮግራም አለ። አከራዩ ከፈቀደ ተከራይም ይካተታል።

በብርድ ኃይል እንዳይቆረጥ የሚከለክሉ ደንቦችም አሉ። ለምሳሌ ሚኒሶታ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 የሚጸና ደንብ አላት። ጥበቃው የሚሠራው ግን ከድርጅቱ ጋር የክፍያ ስምምነት ላደረገና ስምምነቱን ለጠበቀ ነው። ዝም ብሎ መጠበቅ አይበቃም። ዓመቱን በእኩል ክፍያ የሚያካፍለው ዕቅድ ደግሞ ቢል አይቀንስም። የጃንዋሪን ሸክም ለጁላይ ያካፍላል እንጂ። ለሂት ፓምፕና ለቤት ሽፋን ይሰጥ የነበረው እስከ 30 በመቶ የሚደርስ የፌዴራል የታክስ ቅናሽ ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለተገጠመ ዕቃ የለም። አሁንም አለ ብሎ የሚያስፈርም ሻጭ ካለ ግዛቱ የሚሰጠው ሌላ ድጎማ መሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከሰል

ቢል ሲበዛ ወይም መብራት ሲጠፋ እጅ ወደለመደው ይሄዳል። ቡና በከሰል የሚፈላበት ባህል ስላለን ከሰል ቤት ውስጥ ማንደድ እንግዳ አይመስልም። አገር ቤት ማድቤቱ ክፍት ነው፣ አየር ይገባል። እዚህ ደግሞ ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ የታሸገ ቤት ነው፤ ከላይ እንደተባለው ስንጥቁ ከተደፈነ በኋላ ደግሞ የበለጠ። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ስለሚያመጣ ጉንፋን ይመስላል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል።

በዲሴምበር 2006 በዋሽንግተን ግዛት ዐውሎ ነፋስ መብራት ሲያጠፋ፣ ከሰል ቤት ውስጥ ካነደዱ ስደተኛ ቤተሰቦች መካከል የተመረዙና የሞቱ ነበሩ። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስን ብርድ ሲመታ በዚሁ ጋዝ ከሞቱት መካከል ኢትዮጵያውያን አሉበት። ከሰል፣ የውጪ ጥብስ መጥበሻ፣ ጄኔሬተር ወይም ጋራዥ ውስጥ የቆመ መኪና ለማሞቂያ አይሆኑም። የጋዝ ምድጃን ኦቨን ከፍቶ ቤት ማሞቅም እንዲሁ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ በየፎቁና በመኝታ ክፍሎች አጠገብ ይሰቀላል። ባትሪው በየጊዜው ይታያል። ሲጮህ መስኮት ከፍቶ ጩኸቱ እስኪቆም መጠበቅ አይደለም፤ ሕፃናቱን ይዞ ሁሉም ወደ ውጪ ይወጣል፣ 911 የሚደወለውም እዚያው ደጅ ላይ ሆኖ ነው።